ወንድሟ ጤነኛው

ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት፣ ፀጉር ቤቱ ገና ሳይሟሟቅ፣ ዶክተሯ ትመጣለች። በአንድ እጇ ሰማያዊ የበረዶ ሣጥን፣ በሌላው ቦርሳዋን ይዛ በሩን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ትገባና «ተቀመጥ» ትላለች፤ ደህና አደርክ የምትለው እንኳ መርፌውን ካወጣች በኋላ ነው። ወንድሟ ፀጉር አስተካካይ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያስቀምጥበት የሚውለው ወንበር ላይ ራሱ ይቀመጥና እጅጌውን ይሰበስባል። ተራ የምንጠብቀው ሰዎች ደግሞ አፋችን አያርፍም። «ዛሬ ባለቤቱ ሊላጭ ነው!» የሚል አለ። «ቀስ በይ ዶክተር፣ የኔን ግማሽ ፀጉር ሳይጨርስ እንዳትጨርሽው» የሚል አለ። እሷ አትስቅም። ደሙን በትንንሽ ብልቃጦች ቀድታ፣ በረዶው ውስጥ ሻጥ አድርጋ፣ ጥጡን ክንዱ ላይ አስይዛው ትወጣለች።

እኔ ጫማ ሻጭ ነኝ። ሱቄ ከፀጉር ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሁለቱንም ከልጅነታቸው ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ ስለዚህ የማወራው አብዛኛውን ያየሁትን ነው። ስለ ደምና ስለ ኢንዛይም የምለውን ግን ከእሷ አፍ ነው የሰማሁት። ከተሳሳትኩ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከጫማ ቁጥር ውጭ ሌላ ሳይንስ አልተማርኩም።

አባታቸው የሞተው በጉበት ነው፤ ሆዱ አብጦ፣ ፊቱ ጠቁሮ። በሕይወቱ መጠጥ ቀምሶ የማያውቅ ሰው «በድብቅ ይጠጣ ነበር» ተብሎ ታማ። ሰፈር መቼም ጉበትንና ጠርሙስን ለያይቶ ማየት አይችልበትም። ልጅቱ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ሐሜቱ አንገበገባትና የአባቴን ስም አጠራለሁ ብላ የደም ምርምር ላይ ተተከለች። ዓመታት ፈጅቶባት አገኘችው። አባቷን የገደለው መጠጥ ሳይሆን ብረት ነው። ሰውነቱ ከሚበላው ምግብ ላይ ብረት እየለቀመ፣ ማስወጫ ስለሌለው ጉበቱ፣ ልቡና መገጣጠሚያዎቹ ውስጥ ሲያጭቅ የኖረ ሰው ነበር። በሽታው ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ ነው።

አንድ ቀን ሱቄ ተቀምጣ አስረዳችኝ። የሰው ገላ የተረፈውን ብረት የሚያወጣበት በር የለውም፤ ያለው የመግቢያ በር ብቻ ነው። ብረት ሲበዛ ጉበት «ይበቃል፣ ዝጉ» ብሎ ወደ አንጀት መልእክት ይልካል። አንድ ኢንዛይም አለ፤ ሥራው ያንን መልእክት መንገድ ላይ መቁረጥ ነው። በልኩ ሲቆርጥ ጥሩ፤ ሲያበዛው በሩ ሳይዘጋ ይቀራል። የእሷ የዕድሜ ልክ ሥራ ያ ኢንዛይም በየሰዉ ደም ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆርጥ መለካት ነው። ወንድሟ ይህን ሲሰማ «እንግዲህ እኛ ቤት ሁለት መቀስ አለ፤ የኔው ቢያንስ ሰው ያሳምራል» አለ።

ልኬቱ ግን አስቸጋሪ ነው። መሣሪያው ዛሬ የሚሰጠው ቁጥር ነገ ከሚሰጠው ጋር አይገጥምም። ስለዚህ የሕመምተኞቹ ደም በገባ ቁጥር ከጎኑ በዚያው ጠዋት የተቀዳ የአንድ ጤነኛ ሰው ደም ይገባል፤ የሌላው ሁሉ የሚነበበው ከእሱ ጋር እየተነጻጸረ ነው። ሚዛን ላይ እንደሚቀመጥ ድንጋይ ማለት ነው። ድንጋዩ ወንድሟ ነበር። ቤተ ሙከራው ውስጥ ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ብልቃጡ ላይ የሚጻፈው «ጤነኛው» ተብሎ ነው። ወሬው እኛ ዘንድ ሲደርስ እኛም «ጤነኛው፣ ተራዬ አልደረሰም?» እንለው ጀመር።

ዝም ብላ አልመረጠችውም። ገና ሥራውን ስትጀምር የራሷንም የእሱንም ደም ለክታ ነበር፤ የሁለቱም ብረት ልክ ሆኖ ተገኘ። «ከበሽታው ወጥተናል!» ብላ አቅፋው ስታለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔ በሽታውን ከዘር ላይ የሚያነብ ምርመራ አልነበራትም፤ በኋላ ሲመጣ ደግሞ ለወንድሟ አላስፈለጋትም። ጤነኛ ነዋ!

እሱ ግን ከወጣትነቱ ጀምሮ አንድ ልማድ ነበረው። ደም ይለግሳል። ለጽድቅ እንዳይመስላችሁ፤ ደም ባንክ ውስጥ አንዲት ምላሰኛ ነርስ ነበረች፣ የሚመላለሰው እሷን ለማየት ነው። ክንዱን እየዘረጋ ልቡን ሰጣትና ተጋቡ። ከተጋቡም በኋላ ልማዱ አልለቀቀውም፤ ቀኑ በደረሰ ቁጥር ሚስቱ ራሷ አስተኝታ ትቀዳዋለች። «የሰው ባል ደሞዙን ያስረክባል፣ የኔው ደሙን» ትል ነበር። ደም ባንክ ደግሞ የሚያየው ደምህ አንሷል ወይ የሚለውን ነው፤ በዝቷል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ዶክተሯ ይህን ልማድ አልወደደችውም። ሰው ደም በሰጠ ቁጥር ጉበቱ የጎደለውን ለመተካት ይሯሯጣል፣ ኢንዛይሙም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል፤ መለኪያ ደግሞ ከፍ ዝቅ ማለት የለበትም። አንድ ማክሰኞ፣ እኔም ተራ እየጠበቅሁ፣ መርፌው ክንዱ ውስጥ እንዳለ «ከእንግዲህ ደም መለገስ ተው» አለችው።

«ለምን እትዬ?»

«ሥራዬን እያበላሸብኝ ነው። አንድ ቦታ እንድትረጋልኝ እፈልጋለሁ።»

«እሷስ ምን ትለኛለች?»

«ለእሷ እኔ እነግራታለሁ።»

ነገረቻት። ነርሷ «እትዬ ደግሞ! ምርጥ ደንበኛዬን ነጠቅሽኝ እኮ» ብላ አኮረፈች፤ ግን ለባሏ እህት ያላት አክብሮት ትልቅ ነበርና እሺ አለች። እሱ እንኳ ከመጀመሪያውም እሺ ብሏል። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችው ይህችው እህቱ ናት፤ ለእሷ እምቢ ማለት አያውቅበትም።

ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባላል። ዓመታት አለፉ። መቀስ ከእጁ ይወድቅበት ጀመር። የሌባ ጣቱና የመሐል ጣቱ አንጓ ይጠዘጥዘዋል። «የሙያ በሽታ ነው» ሲል እኛም አመንን። የፊቱ ቀለም እየተለወጠ፣ እየጠየመ መጣ፤ «ፀሐይ ስትሞቅ ነው እንዴ የምትውለው?» እያልን ቀለድንበት። ከምሳ በኋላ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቀዋል። እኔ አላወቅሁም፣ ጫማ ሻጭ ነኝ። እሷ ግን ይህንኑ በሽታ ተማሪዎቿን የምታስተምር ናት። የሁለቱን ጣቶች ሕመም፣ የቆዳውን መለወጥ፣ ድካሙን በገዛ እጇ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች። ከዚያ ማክሰኞ ትመጣና ያንኑ ክንድ አስራ ደም ቀድታ ትሄዳለች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው። ሳስበው አሁንም ያናድደኛል።

በዚያ ሰሞን ደግሞ ውጤቷ አምሮላት ነበር። የሕመምተኞቿ ልኬት ከዓመት ዓመት ወደ ጤነኛው እየቀረበ መጣ። ዕድሜ ሲገፋ ኢንዛይሙ በራሱ ይረጋጋል ብላ ጽፋ አሳተመች፤ ተጨበጨበላት። ከሩቅ አንድ ተመራማሪ «የኛዎቹ ሕመምተኞች እንዲህ ያለ ነገር አላሳዩም፤ እስኪ መለኪያሽን ፈትሺው» ብሎ ተቃወማት። እሷ እልኸኛ ናት። አፉን ላስይዘው ብላ የጤነኛውን የብረት መጠን አስለካች። ቁጥሩ ከሕመምተኞቿ ከሁሉም በላይ ሆኖ ወጣ።

«ብልቃጥ አቀያይራችኋል!» ብላ ቤተ ሙከራውን በጩኸት ቀወጠችው። በማግሥቱ ማክሰኞ ሳይሆን ከተፍ አለችና እንደገና ቀዳችው። ያው ነው። የዘሩን ምርመራም ጨመረችበት። የአባቷ በሽታ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሕመምተኞቹ ወደ ጤነኛው አልቀረቡም ነበር፤ ጤነኛው ነው ወደ እነሱ የሄደው።

ልትነግረው በመጣች ቀን ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ድረስ ሄዳ ተመለሰች። እኔ ሱቅ ገብታ ደንበኛ ጫማ የሚለካባት በርጩማ ላይ ዝርግፍ አለች። ውሃ ሰጠኋት፣ አልጠጣችውም።

«ምን ሆነሻል ዶክተርዬ?»

«የዚህ በሽታ መድኃኒቱ ምን እንደሆነ ያውቃሉ ጋሼ?» አለችኝ። «ደም ማስወጣት ነው። ሌላ ነገር የለውም። ደም ሲወጣ ብረቱም አብሮ ይወጣል። እሱ ሳያውቀው ራሱን ሲያክም ነበር የኖረው። መጀመሪያ ስለካው ብረቱ ልክ የሆነው ለዚያ ነው። እኔ ነኝ ያስተውኩት።»

ክው አልኩ። ያቺን ማክሰኞ እኔም አስታወስኳት። ሰው ሲጨነቅ ዝም ማለት አልችልምና «ሳታውቂ እኮ ነው» አልኳት።

«ማወቅ ነው ሥራዬ!» ብላ ጮኸችብኝ። «እንጀራዬ እሱ ነው። ምነው ያን ቀን ከምናገር አፈር በበላሁ።»

ግድግዳው ስስ ነው፤ የወንድሟ የፀጉር ማሽን ድምፅ ይሰማናል። ሲጠፋ ተነሥታ ሄደች። እኔም ተከተልኳት፤ ብቻዋን መተው ፈራሁ።

ታመሃል አለችው። የአባታችን በሽታ ነው፣ እኔ ነኝ ያገኘሁት አለችው። የቀረውን ልትቀጥል አፏን ስትከፍት እሱ ቀደማት። መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፎ አቀፋት። «ተመስገን፣ አንቺ አገኘሽው» አለ። «ሌላ ሰው ቢያገኘው እሞት ነበር። አባታችን እንዳንቺ ያለ እህት አልነበረውም።» እሷ ክንዱ ውስጥ ደርቃ ቀረች። በጥፊ ቢያጮላት ይሻላት ነበር።

አመሻሹ ላይ ነርሷ ከሥራ መጣች። ባሏ በስልክ ነግሯታል። ቀጥታ እኔ ሱቅ ገባች፣ ዶክተሯ ተመልሳ መጥታ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች። ነርሷ አልጮኸችም። ደም ባንክ ውስጥ ፀጉሯን ያሸበተች ሴት ናት፣ ሁለትና ሁለትን ለመደመር እርዳታ አያስፈልጋትም።

«ደም መስጠቱን ባይተው ኖሮ እዚህ አይደርስም ነበር፣ አይደል?»

«አዎ» አለች ዶክተሯ። «በየሳምንቱ መቀዳት አለበት። እባክሽ፣ እኔ ልቅዳው። እኔ ልድከምለት።»

«አይሆንም። አንቺ የድርሻሽን ወስደሻል።» እትዬ ሳትላት ስትናገራት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ወደ በሩ ከሄደች በኋላ ዞር አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለእሱ እንዳትነግሪው። እንደ እናቱ ነው የሚያይሽ። ጉበቱ ላይ ልቡን አትጨምሪበት» አለቻት።

ሐኪሞቹ ጉበቱን ሲያዩት ጠባሳ አበጅቷል። ብረቱ ይወጣል፣ ጠባሳው ግን አይለቅም አሉ፤ እንግዲህ ዕድሜውን ሙሉ እየተጠበቀ ሊኖር ነው። እሱ ይህን ሁሉ ሰምቶ የሚያወራው ስለ እህቱ ነው። ወንበሩ ላይ ለተቀመጠው ሁሉ «እህቴ ባትኖር ኖሮ እንደ አባቴ አብጬ እሞት ነበር» ይላል። የከተማው ግማሽ ፀጉሩን እየተቆረጠ ሰምቶታል። አንዳንዱ መንገድ ላይ አስቁሞ «ወንድምሽን አተረፍሽው አሉ፣ ተባረኪ» ይላታል። እሷ ያችን መንገድ መሄድ ተወች።

ማድረግ ያለባትን አደረገች፤ ይህን አልነፍጋትም። ያሳተመችው ሁሉ ስሕተት መሆኑን በስሟ ጽፋ አወጣች። ዕድሜ ያረጋጋዋል ብላ ላሳመነቻቸው ሐኪሞች በሙሉ እየደወለች «አትዘናጉ፣ ሕመምተኞቻችሁን መልሳችሁ ጥሩ» አለች። ያ የተቃወማትን ሰውዬም ይቅርታ ጠየቀችው። ክብሯ ወደቀ፣ እሷም ከሳች። ብቻ አንድ ነገር አልሆንልሽ አላት። ወንድሟ አንዲት ሴት ልጅ አለችው፣ ትምህርት ቤት ልትጨርስ የደረሰች ኮረዳ። ሐኪሞቹ ልጅቷ ትመርመር አሉ፤ ምርመራው ያለው ደግሞ የአክስቷ ቤተ ሙከራ ነው። ዶክተሯ በሚቀጥለው ሳምንት ትላለች። ኬሚካሉ አልቋል ትላለች። ሌላ ቦታ ቢያዩዋት ይሻላል ትላለች። ወንድሟ «እትዬ ሥራ በዝቶባታል» እያለ ያዝንላታል።

አንድ ቀን ነርሷ ልጅቷን ይዛ ሱቄ መጣች። «ጋሼ፣ መኪናዎን ያስነሡ።» አስነሣሁ።

ቤተ ሙከራው እንዳሰብኩት የሚያብረቀርቅ ቦታ አይደለም። ጠባብ ኮሪደር፣ የሚያጉረመርሙ ማቀዝቀዣዎች፣ ቀለሙ የተላጠ የእጅ መታጠቢያ። ዶክተሯ ነጭ ካፖርቷን ለብሳ ቆማለች፤ ስታየን ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለች።

«እኔ አልነካትም» አለች። «እባክሽ ሌላ ሰው ጋ ውሰጃት። የኔ እጅ አይታመንም።»

ነርሷ የልጇን እጅጌ ራሷ ሰበሰበች። «ስሚኝ። እሱን ጤነኛ ነው ብለሽ ብረቱን መልሰሽ አልለካሽም። አሁን ደግሞ ፈርተሽ አትለኪያትም። ለእኛ ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ዶክተሯ ቀስ ብላ ወደ መታጠቢያው ሄደች፤ እጇን ታጠበች፣ ጓንት አጠለቀች፣ የልጅቷን ክንድ በላስቲክ አሰረች።

«አክስቴ፣ ላስቲኩ ጠበቀብኝ» አለች ልጅቷ።

«አዎ። ትንሽ ላላ ላድርግልሽ።» አላላችው። ከዚያ ቀዳች።

ውጤቱን በስልክ መናገር አልፈለገችም። «ጋሼ፣ አብረውኝ ይሂዱ፣ ብቻዬን አልችልም» አለችኝና አብረን ወንድሟ ቤት ገባን። እሑድ ከሰዓት ነው። እሱ ሶፋው ላይ ጋደም ብሏል፤ ሚስቱ ገና ደም ቀድታው ክንዱ ላይ ጥጥ አለ። ልጅቷ ከእግሩ ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። ዶክተሯ እንደቆመች ተናገረች።

«አለባት።»

ነርሷ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«ግን ብረቱ ገና አልተጠራቀመም» አለች ዶክተሯ ቶሎ ብላ። «ምንም የተነካ ነገር የላትም። እየተከታተልን፣ ከፍ ማለት ሲጀምር ደም እየለገሰች ሙሉ ዕድሜዋን ትኖራለች። በጊዜ ደርሰንላታል።»

ነርሷ ፊቷን በእጆቿ ሸፍና አለቀሰች። እሱ ግን ከሶፋው ተነሥቶ ሣቀ። እንዲህ ከልቡ ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር። «ተነሺ፣ አክስትሽን ሳሚያት!» አለ ልጁን። «እኔንም አንቺንም ከሞት ያወጣችን እሷ ናት። ነገ ልጆች ስትወልጂ ይህን ንገሪያቸው።»

ልጅቷ ተነሥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት። ዶክተሯ ከትከሻዋ በላይ ወንድሟን አየችው፣ ክንዱ ላይ ያለውን ጥጥ አየችው። ነርሷ ነገሩ ገብቷት ራሷን ነቀነቀች፣ ተይ ማለቷ ነው። አልተወችም።

«አንተን አላወጣሁህም» አለች። «ደም መለገስህ ነበር የሚያኖርህ። እኔ ነኝ ያስተውኩህ። ባትተው ኖሮ ጉበትህ እንደ ልጅህ ጉበት ደህና ይሆን ነበር።»

ለሁሉም ነገር መልስ የማያጣው ሰው ሚስቱን አያት፤ ስታውቅ እንደኖረች ከፊቷ አነበበ። ጥጡን ከክንዱ ላይ አነሣና እዚያው መዳፉ ውስጥ ያዘው። ልጅቷ ከአክስቷ አንገት ላይ እጇን ማውረድ ይሁን ማቆየት ግራ ገብቷት ቀረች። እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ ባርኔጣዬን አዟዟርኩ።

«ያኔ ለሥራዬ ነው ብለሽኝ ነበር» አለ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ሥራሽስ?» አለ። ሊወጋት ብሎ አልነበረም፤ ድምፁን ሰምቻለሁ፣ ከልቡ ማወቅ ፈልጎ ነው። «ሥራሽስ ቀናልሽ?»

ያሳተመችው ሁሉ እንደተሻረ የነገረው አልነበረም፤ እሱ እንደሆነ ከመስታወቱና ከወንበሩ ውጭ የሚያነበው ነገር የለም።

«አልቀናኝም» አለች። «እሱም ስሕተት ሆኖ ቀረ። በከንቱ ነው ያስተውኩህ።»

ራሱን ቀስ ብሎ ነቀነቀ፣ ጥጡን እንደጨበጠ ሶፋው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ፣ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ።